የድሮ የጓሮ ትራክተር ለማደስ ሲመርጡ፦ ከስሙ በፊት ኃይል ማስተላለፊያው

የድሮ የጓሮ ትራክተር ገዝቶ፣ አድሶ ለትርኢት ማቅረብ የሚፈልግ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቀው «የየትኛው ፋብሪካ ይሻላል?» ብሎ ነው። ይህ ጥያቄ ከሌሎቹ ከቀደመ ያሳስታል። አንድ ፋብሪካ ራሱ በተለያየ ዘመን በችንጋ የሚነዳም፣ በዘንግ የሚነዳም፣ በዘይት ግፊት የሚነዳም ትራክተር ሠርቷል። ኮፈናቸው ይመሳሰላል፤ የጥገና ሥራቸው ግን አይገናኝም። ተፈትቶ በየካርቶኑ እንደተከፋፈለ የቀረ ትራክተር ሲታይ ሥራውን ያስቆመው ብዙ ጊዜ ሞተሩ አይደለም። ወይ ኃይልን ከሞተር ወደ ጎማ የሚያደርሰው ክፍል ከባለቤቱ መሣሪያና ችሎታ በላይ ሆኗል፣ ወይ አንድ የጎደለ ዕቃ ተፈልጎ ታጥቷል። ስለዚህ እዚህ ማሽኖቹን የምናወዳድረው በኃይል ማስተላለፊያቸው ነው።

የጓሮ ትራክተር ስንል ከ7 እስከ 20 የፈረስ ጉልበት ገደማ ያለው፣ ወፍራም ቻሲና የጊዛ (ቀልጦ የፈሰሰ ብረት) ማስተላለፊያ የተገጠመለት፣ ከሣር ማጨጃ በተጨማሪ ማረሻና በረዶ መጥረጊያ እንዲጎትትና እንዲገፋ የተሠራ ማሽን ማለታችን ነው። ሣር ለማጨድ ብቻ የወጡት ቀላል ትራክተሮች ከሩቅ ይመስሉታል። የኋላ ቸርኬው ስፋትና የፊት አክስሉ ውፍረት ግን ወዲያው ይለያቸዋል፤ አክስሉ የታጠፈ ቆርቆሮ ከሆነ ሌላ ዓይነት ማሽን ነው። ሰብሳቢዎች በብዛት የሚፈልጓቸው በ1950ዎቹ መጨረሻ፣ በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የተሠሩትን ነው። እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

መመዘኛዎቹ

የመጀመሪያውና ከሁሉም የሚከብደው ሙሉነት ነው። የተሰበረ ዕቃ ይበየዳል፣ ይቃናል፣ ይቀየራል። የጎደለ ዕቃ ግን ስሙም ቁጥሩም ሳይታወቅ ለዓመታት ይታደናል። በብዛት ጎድለው የሚገኙት የችንጋ መሸፈኛ ቆርቆሮዎች፣ የፊት ወንፊት፣ የማጨጃው ማንጠልጠያ ዘንጎች፣ የማንሻው ክንድና የመሪው ክዳን ናቸው። እነዚህ ርካሽ መስለው ስለሚታዩ ገዢ ይንቃቸዋል፤ ሲደመሩ ግን ከሞተር እድሳት ሊበልጡ ይችላሉ። የማይሠራ ሙሉ ትራክተር ከሚሠራ ጎዶሎ ትራክተር ይሻላል።

ሁለተኛው የማስተላለፊያው ውስብስብነት ነው፤ በተራ ቁልፍ፣ በመዶሻና በመንቀያ ይፈታል ወይስ ልዩ መሣሪያና ንጹሕ ክፍል ይፈልጋል? ሦስተኛው የሞተሩ መለዋወጫ እስካሁን መመረቱ ነው። አራተኛው ክብደት ነው። አብዛኞቹ ከ250 እስከ 450 ኪሎ ስለሚመዝኑ ወደ ትርኢት የሚወስድ ተጎታችና መንሸራተቻ መወጣጫ ከግዢው በፊት ይታሰብበት። አምስተኛው ማሽኑ ከፋብሪካ እንደወጣ መሆኑን የሚያረጋግጡ ምልክቶች መትረፋቸው ነው፦ የመለያ ቁጥር ሰሌዳ፣ የመጀመሪያው ቀለም ቅሪት፣ ያልተቀየሩ ብሎኖች።

በችንጋና በማርሽ የሚነዱ

ሞተሩ ላይ ያለ ፑሌጃ በችንጋ ወደ ኋላ ያለውን ፑሌጃ ያዞራል። ካምቢዮውና ዲፈረንሻሉ በአንድ የጊዛ ቤት ውስጥ ናቸው። ፍሪሲዮን የሚባለው ፔዳል የሚያደርገው ነገር ቢኖር ችንጋውን የሚወጥረውን አጥባቂ ፑሌጃ ማላላት ብቻ ነው። ጥሩ ምሳሌው በኢንዲያና ግዛት ሳውዝ ቤንድ ከተማ የተሠራው ዊል ሆርስ ነው (ድርጅቱን ቶሮ በ1986 ገዝቶታል)።

ለጀማሪ ከዚህ የሚቀል የለም። ሆኖም አንድ በሽታ በተደጋጋሚ ይታያል። ትራክተሩ ለዓመታት ደጅ ሲቆም የማርሽ ዘንጉ የሚገባበት የጎማ ሽፋን ይሰነጠቃል፤ ዝናቡም በዘንጉ እየተንጠባጠበ ካምቢዮው ውስጥ ይገባል። ውሃ ከዘይት ስለሚከብድ ታች ይተኛል። ሲገዙ ማፍሰሻ ብሎኑን ቀስ አድርገው በግማሽ ዙር ያላሉት። መጀመሪያ ንጹሕ ውሃ ጠብ ካለ፣ ቀጥሎም ወተት የመሰለ ዘይት ከመጣ፣ ኩሽኔታዎቹ ዝገው ይሆናል። ይህ ብቻውን ግዢውን አያስተውም። ቤቱ ሳይሰነጠቅ ከተረፈ ይፈታል፣ በነጭ ጋዝ ይታጠባል፣ ኩሽኔታና ፓራዮሊ (ዘይት እንዳይፈስ የሚከለክል የጎማ ቀለበት) ተቀይሮ 2 ሊትር ገደማ የማርሽ ዘይት ይሞላል። ብርድ በሚበረታበት አገር ግን ውሃው ውስጥ በረዶ ሆኖ ቤቱን ከሥር ሊሰነጥቀው ስለሚችል ጭቃውን ፍቀው በባትሪ ብርሃን ይዩት።

ሁለተኛው የኋላ ጎማ እምብርት ነው። በአክስሉ ላይ የሚይዘው አንድ ቁልፍ ብረትና አንድ አጥባቂ ብሎን ሲሆኑ፣ ብሎኑ ላልቶ ከተነዳ ቁልፍ ብረቱ የተቀመጠበትን ቦይ እያሰፋ ይበላዋል። የኋላ ጎማውን ይዘው ወደፊትና ወደኋላ ያወዛውዙ፤ እምብርቱ ከአክስሉ ተለይቶ «ቀጭ» ካለ ቦዩ ሄዷል። ሲፈቱ በመዶሻ አይምቱት፤ የጊዛ እምብርት ይሰነጠቃል። ዘልቆ የሚገባ ዘይት ለቀናት አጠጥተው፣ በመንቀያ ወጥረው፣ ትንሽ አሙቀው ይተዉት። ብዙ ጊዜ በማግሥቱ ራሱ ይለቃል።

ስለ ችንጋው አንድ ነገር ሳይባል አይታለፍም። ርዝመቱ በአንድ ኢንች ቢሳሳት ወይ ይንሸራተታል ወይ ፔዳሉ ተረግጦም አይለቅም። በፑሌጃው ዙሪያ ያሉት ትንንሽ የብረት ጣቶችም ችንጋው ሲላላ ከፑሌጃው እንዲላቀቅ የሚያደርጉ ናቸው። ጠፍተው ወይም ተጣመው ከሆነ ማርሽ ሲቀየር ይንገጫገጫል፤ ሰውም ካምቢዮው የተበላሸ መስሎት ያለ ጥፋቱ ይፈታዋል።

በዚሁ ቤተሰብ ያለው ሲምፕሊሲቲና እሱ ራሱ ለአሊስ-ቻልመርስ የሠራቸው ትራክተሮች ችንጋ ቢጠቀሙም በመሃል አቅጣጫ የሚያዞር ትንሽ የማርሽ ሳጥን አላቸው። ይህች ሳጥን የምትይዘው ዘይት ጥቂት ነው፤ የሚፈትሻት ሰውም ጥቂት። ውስጧ ያሉት ማርሾች ሲያልቁ ማግኘቱ ከባድ፣ ዋጋቸውም ውድ ነው። ሲምፕሊሲቲ ሲያዩ ዓይንዎን መጀመሪያ እዚያ ላይ ያሳርፉ፤ በእጅ ሲዞር ሸካራ ድምፅ ካለው ዋጋው በዚያው ልክ ይቀነስ።

በዘንግ የሚነዱ

ኢንተርናሽናል ሃርቬስተር ከ1960 ጀምሮ ያቀረበው ከብ ካዴት የኋላ ማስተላለፊያውን ንድፍ የወረሰው ፋርማል ከብ ከተባለው የእርሻ ትራክተር ነው። (ምርቱ በ1981 ወደ ኤምቲዲ ተላልፏል።) በተከታዮቹ ሞዴሎች ኃይሉ ከሞተሩ በብረት ዘንግ ቀጥታ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ በዘንጉ ላይም እንደ መኪና ያለ የፍሪሲዮን ሸራ አለ። የሚላላ፣ የሚንሸራተት ችንጋ የለም።

ማርሹ ጠንካራ ነው። የሚያልቁት ትንንሾቹ ናቸው፦ ዘንጉን የሚያያይዙት ስፒናዎች፣ ስፒናዎቹ የሚገቡባቸው ቀዳዳዎች፣ የፍሪሲዮኑ ተጫኝ ኩሽኔታ። ሞተሩ ጠፍቶ ዘንጉን በእጅ ይዘው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያዙሩት። ጥቂት መላላት ያለ ነው፤ ቀዳዳዎቹ እንቁላል ቅርጽ ከያዙ ግን ስፒና መቀየር ብቻ አይበቃም። ዘንጉ ይቀየራል ወይም ቀዳዳው ተሞልቶ እንደገና ይበሳል። መሪውም የሚታይ ነው። በመሪው ዘንግ ላይ ባለው ጠመዝማዛ ቦይ ውስጥ የሚንሸራተተው ሾጣጣ ጣት በአንድ ጎኑ ያልቃል፤ ብዙዎች በማስተካከያው ብሎን አጥብቀው ይሸጡታል። መሪውን ከዳር እስከ ዳር ያዙሩት። መሃል ላይ ልል ሆኖ ዳር ላይ የሚጠብቅ ከሆነ ጣቱ አልቋል።

ከ1974 ጀምሮ የወጡትና ሞተራቸው ንዝረት በሚቀንሱ ላስቲኮች ላይ የተቀመጠው ሞዴሎች የራሳቸው ችግር አላቸው። ላስቲኮቹ ሲያረጁ ሞተሩ ይወርዳል፣ ከዘንጉ ጋር መስመር ይለያያል፣ ዘንጉም ማያያዣውን እየቀጠቀጠ ያጠፋዋል። ላስቲኮቹን ሳይቀይሩ ማያያዣውን ብቻ መቀየር ገንዘብ ማባከን ነው። ለመጀመሪያ ሥራ ከነዚህ ይልቅ ሞተራቸው በቻሲው ላይ በቀጥታ የታሰረውን የቀደሙትን እንመርጣለን።

ፍጥነትን በሚቀያይር ፑሌጃ የሚነዱ

ጆን ዲር 110 በ1963 ሲወጣ በ7 የፈረስ ጉልበት ሞተር ነበር። በዚህና በወንድሙ በ112 ላይ በሁለት ችንጋዎች መካከል የተቀመጠ፣ ግንባሩ የሚጠብና የሚሰፋ ፑሌጃ አለ፤ ነጂው በማንሻ እያዘዘ በአንዱ ማርሽ ውስጥ ፍጥነቱን ያለ ደረጃ ያወጣል፣ ያወርዳል። ሲሠራ ደስ ይላል። ሳይቀባ ሲቀር ግን ተንቀሳቃሹ ግንባር ዝጎ አንድ ቦታ ላይ ይጣበቃል፤ የተሸከመው ክንድ ማጠፊያም ይበላል። ማንሻው ከዳር እስከ ዳር ሲሄድ ፑሌጃው አብሮ ካልሰፋና ካልጠበበ ፈትቶ ማጽዳት የግድ ነው። ሁለቱ ችንጋዎች በርዝመትም በስፋትም ለዚሁ ሥራ የተለኩ ስለሆኑ በተራ ችንጋ አይተኩም።

ቀለምን በተመለከተ ከ1969 ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት 110፣ 112፣ 120 እና 140 አካላቸው ነጭ፣ ኮፈናቸውና መቀመጫቸው ቀይ፣ ብርቱካናማ፣ ቢጫ ወይም ሰማያዊ ሆነው ወጥተዋል። ብዙዎቹ ኋላ ላይ በአረንጓዴ ተቀብተዋል። ስለዚህ የዚያን ዘመን አረንጓዴ ትራክተር ከመፋቅዎ በፊት የባትሪውን ማስቀመጫ ያንሱና ከሥሩ ያለውን ቀለም በጥፍር ልክ ይፋቁ። የፓራፋንጎውን ውስጥና የመቀመጫውን ማጠፊያ ሥርም እንዲሁ። ከአረንጓዴው ሥር ነጭ፣ ከኮፈኑ ውስጥ ደግሞ ብርቱካናማ ወይም ሰማያዊ ከወጣ በእጅዎ ያለው ከአረንጓዴዎቹ እጅግ የሚያንስ ቁጥር ያለው ማሽን ነው። በችኮላ አረንጓዴ ቀብቶ ያንን ማጥፋት ኋላ የማይመለስ ጥፋት ነው።

ሃይድሮስታቲኮች

ከብ ካዴት 123፣ በ1968 የወጣው ጆን ዲር 140 እና ብዙ ተከታዮቻቸው ማርሽ የማይቀየርባቸው ናቸው። በሞተሩ የሚዞር ፓምፕ ዘይትን ወደ ሃይድሮሊክ ሞተር ይገፋል፤ ማንሻው ሲዘነብል ፍጥነቱም አቅጣጫውም ይቀየራል። በትርኢት ሜዳ ላይ በሕዝብ መካከል በዝግታ ለመንዳት የሚመች ነው።

ክፍሉ የሚሞተው በቆሻሻ ዘይትና በሙቀት ነው። ተንኮሉ ደግሞ ሲቀዘቅዝ ጤናማ መምሰሉ ነው። ሻጭ ሞተሩን አስነስቶ በጋራዡ በር ላይ ሁለት ዙር ቢያሽከረክረው ምንም አይታወቅም። 20 ወይም 30 ደቂቃ ይንዱት፣ ከዚያ ትንሽ ዳገት ላይ ያውጡት። ዘይቱ ሲሞቅ ቀጥኖ በአለቀው ክፍተት ውስጥ ስለሚያልፍ ትራክተሩ ዳገቱ ላይ ይዝላል ወይም ይቆማል። የሚያፏጭ ድምፅም ይሰማል። እንዲህ ያለውን ጀማሪ አይግዛው፤ የፓምፑ ውስጥ ፒስተኖችና ሳህኖች በጥቂት ማይክሮን ልክ የተገጣጠሙ ናቸው፣ ጋራዥ ጥግ ላይ በአሸዋ ወረቀት የሚድኑ አይደሉም።

ሁሉም ችግር ግን ከፓምፑ አይመጣም። በከብ ካዴት ላይ የፓምፑን ሳህን የሚያዘነብለው ክንድ ቦይ ሲያልቅ ትራክተሩ በገለልተኛ ቦታ ላይ ሆኖ ይሳባል፣ ሲነሳም ይዘላል። ይህ ቦዩን በብየዳ ሞልቶ በሞረድ በማስተካከል የሚድን ስለሆነ የተቀነሰ ዋጋ ለመጠየቅ ጥሩ ምክንያት ነው። የዘይቱ ዓይነት በመመሪያው የተጻፈው ይሁን፤ ኢንተርናሽናል ሃርቬስተር ያወጣው ሃይ-ትራን ለምሳሌ የገባ እርጥበትን ይዞ እንዲቆይ ተደርጎ ነው የተዘጋጀው። የሞተ ሃይድሮስታቲክ ትራክተር ሲጎትቱ ጎማው በነፃ እንዲዞር የሚያደርገውን ማስለቀቂያ ቫልቭ ይክፈቱ፤ ተዘግቶ ከተጎተተ ጎማው የሃይድሮሊክ ሞተሩን ያለ ዘይት ያሽከረክራል፣ ጤነኛውም ይበላሻል።

በዘይት ሞተር የሚነዱ

ኬዝ በ1964 ኮልት የተባለውን አምራች ከገዛ በኋላ በዊስኮንሲን ግዛት ዊኔኮኒ ያወጣቸው፣ በኋላም ኢንገርሶል በሚል ስም የቀጠሉት ትራክተሮች ሃይድሮስታቲክ አይደሉም፤ ሰው ግን ያደባልቃቸዋል። ተራ የማርሽ ፓምፕ በቫልቭ በኩል ዘይት ይልካል፣ አንድ ሃይድሮሊክ ሞተር የኋላውን ማርሽ ያዞራል። ክፍተቶቹ ስለሚሰፉ ቆሻሻን የበለጠ ይችላሉ፤ ፓምፑም፣ ሞተሩም፣ ቱቦዎቹም ለየብቻ ይፈታሉ። ያረጁ ቱቦዎችና የሚያንጠባጥቡ የቫልቭ ጎማዎች የዘወትር ሥራ ናቸው። የዘይት ኩሬ ያለበት ኬዝ ሲያዩ አይደንግጡ፤ ደረቅ የሆነውን ዘይት እንዳለው ያረጋግጡ።

በማርሽ ብቻ የሚነዱ

ግሬቭሊ በዌስት ቨርጂኒያ ግዛት ደንባር ከተማ ሁለት ጎማ ባላቸው፣ ሰው ከኋላ እየሄደ በሚነዳቸው ማሽኖች ታወቀ። ባለ አራት ጎማዎቹ 800 ተከታታይ ሞዴሎች ሞተራቸው ከኋላ ሲሆን ከሞተር እስከ ጎማ ሁሉም በማርሽ ነው። 8 የፊት ፍጥነቶች አሏቸው። በአግባቡ ዘይት ያገኘ ግሬቭሊ ረጅም ዕድሜ አለው። ቤቱ ግን ከባድ ነው፣ ውስጡ የታጨቀ ነው፣ የፊትና የኋላ ፍሪሲዮኖቹም መስተካከያቸውን ሳያውቁ ከፈቱ በቀላሉ አይመለሱም። የጥገና መጽሐፉ በእጅ ሳይኖር አንድም ብሎን አይፈታ።

ሞተሩ

ከላይ ካሉት ማሽኖች ብዙዎቹ የሚካፈሉት የኮህለር ኬ ተከታታይ ነጠላ ሲሊንደር ሞተር ነው፦ ኬ161 (7 የፈረስ ጉልበት)፣ ኬ181 (8)፣ ኬ241 (10)፣ ኬ301 (12)፣ ኬ321 (14) እና ኬ341 (16)። ብሎኩ ጊዛ ነው፣ ፒስተን፣ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት)፣ ጓርኒሲዮን፣ ፑንቲና (የካንዴላውን እሳት የሚቆርጥና የሚያገናኝ ማብሪያ) እና የካርቡሬተር ዕቃ አሁንም ይመረታል። ሌላው እኩል ከሆነ ይህ ሞተር ያለበትን ትራክተር መምረጥ የጥበብ ነው። ኦናን የሚባሉት ሁለት ሲሊንደር ሞተሮች ለስላሳ ድምፅ አላቸው፤ በአንጻሩ ዕቃቸው ይወደዳል፣ ከመጠን በላይ ሲሞቁም የቫልቭ መቀመጫቸው ሊለቅ ይችላል።

ስለ ኮህለር ሁለት ነገር ይታወስ። ብዙዎቹ ሲነሱ እንዳይከብዱ መጭመቅን ለጊዜው የሚያስለቅቅ ዘዴ በካም ዘንጋቸው ላይ ስላለ ተራ የኮምፕሬሽን መለኪያ ዝቅ ያለ ቁጥር ያሳያል። በዚያ ብቻ ፋሻው አልቋል ብለው አይፍረዱ። ፒስተኑን የመጭመቂያው ጫፍ ላይ አቁመው አየር በመሙላት መፍሰሱን ይለኩ፦ አየሩ በካርቡሬተር ከወጣ የመግቢያ ቫልቭ፣ በማርሚታ ከወጣ የመውጫ ቫልቭ፣ በዘይት መተንፈሻ ከወጣ ፋሻ ነው። ሁለተኛ፣ አንዳንድ ኬ241 እስከ ኬ341 ውስጥ ንዝረት የሚቀንሱ ሚዛን ማርሾች አሉ። ሲያረጁ ይሰበሩና ብሎኩን ሊበሱት ስለሚችሉ ሞተሩ ከተፈታ ብዙ አዳሾች አውጥተዋቸው ይዘጋሉ፤ ንዝረቱ በጥቂቱ ይጨምራል።

ለማስተካከያ የሚያገለግሉ ልኮች፦ የፑንቲና ክፍተት 0.020 ኢንች (0.5 ሚሊ ሜትር)፣ ካንዴላ 0.035 ኢንች (0.9 ሚሊ ሜትር)። በኬ241 እና ኬ301 ሞተሩ ቀዝቅዞ ሲለካ የመግቢያ ቫልቭ ክፍተት ከ0.008 እስከ 0.010 ኢንች፣ የመውጫው ከ0.017 እስከ 0.019 ኢንች። የቴስታታ ብሎኖች በሦስት ዙር እየጠበቁ ከ34 እስከ 41 ኒውተን ሜትር ይደርሳሉ።

የተጣበቀ ሞተር ካንዴላው ተነቅሎ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይትና አሴቶን እኩል ለእኩል ተቀላቅሎ ይሞላበት፤ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ይቆይ፣ ከእሳት ይራቅ። ቮላኖውን (በሞተሩ ዳር ያለውን ከባድ ተሽከርካሪ) በሁለት እጅ በትንሹ ወደፊትና ወደኋላ እያሉ ይሞክሩ። ክንፎቹ ላይ ብረት አስደግፎ መጠምዘዝ ወይም ትራክተሩን ማርሽ አስገብቶ በመኪና መጎተት ቢዬላውን (ፒስተኑን የሚይዘውን ክንድ) ይሰብራል፤ ቢዬላው አልሙኒየም ነው።

በብዙዎቹ ላይ ሞተሪኖውና ዲናሞው አንድ አካል ናቸው። ሬጉሌተር ከተቀየረ በኋላ ሞተሩ ሳይነሳ በዴልኮ-ሬሚ ሬጉሌተር ላይ «ባት» እና «ጄን» የሚሉትን ጫፎች ለቅጽበት በሽቦ ያገናኙ፤ ካልሆነ ባትሪው አይሞላም፣ ደህናው ዲናሞም ተጠርጥሮ ይጣላል።

ምን ያህል ይታደስ?

እዚህ ላይ ሦስት ምርጫዎች አሉ። አንደኛው ቀለሙን ሳይነኩ ሜካኒኩን ብቻ ማስተካከል ነው፦ ዘይት፣ ጎማ፣ ፍሬን፣ ሽቦ፣ ካርቡሬተር። ከመጀመሪያው ቀለም ከግማሽ በላይ ከተረፈና የፋብሪካው ጽሑፍ የሚነበብ ከሆነ ከዚህ አይለፉ። ማንም ቀለም ቀቢ የፋብሪካን ቀለም መልሶ አይሠራውም። ሁለተኛው ሙሉ እድሳት ነው፤ ቀለሙ በላይ በላዩ የተቀባባ፣ ቆርቆሮው የተበላ፣ ነገር ግን ሙሉ የሆነ ማሽን ለዚህ ተመራጭ ነው። ሦስተኛው የሥራ እድሳት ነው፤ ለአጠቃቀም የሚያስፈልገው ይቀየራል፣ የመጀመሪያ ዕቃ መሆኑ አያስጨንቅም። ብርቅ ሞዴል ላይ ግን ይህን ሦስተኛውን አይሥሩ።

ሙሉ እድሳት የመረጠ ሰው ከመፍታቱ በፊት የእያንዳንዱን ሽቦና ዘንግ መስመር ፎቶ ያንሳ፤ ብሎኖችን ከየክፍሉ ጋር በየከረጢቱ ጽፎ ያስቀምጥ። ዝገትን በኤሌክትሮሊሲስ ሲያወልቁ ለ4 ሊትር ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ የልብስ ሶዳ (ሶዲየም ካርቦኔት) ይበቃል። የባትሪ ቻርጀሩ ኔጌቲቭ ከዕቃው፣ ፖዘቲቩ ከሚጣል ተራ ብረት ጋር ይያያዝ። የማይዝግ ብረት በዚህ ቦታ ከቶ አይጠቀሙ፤ መርዛማ ክሮሚየም ያወጣል። አልሙኒየምም አይግባ። ሃይድሮጅን ስለሚወጣ ቦታው ክፍት ይሁን። የዛገ ሰልባትዮ ኮምጣጤ ተሞልቶ አንድ ወይም ሁለት ቀን ይቆይ፣ በቤኪንግ ሶዳ ይለቅለቅ፣ በደንብ ይድረቅ፤ ወዲያው ጥቂት ዘይት ካልተሽከረከረበት በማግሥቱ ይዝጋል።

የዚያ ዘመን ቀለም እርሳስ ሊኖረው ስለሚችል በደረቁ አይፋቁት። ስቱኮ በባዶ ብረት ላይ ሳይሆን ከኤፖክሲ መሠረት በኋላ ይሁን። ማጠንከሪያ የተጨመረበት ቀለም ሲረጭ የሚወጣው አይሶሳያኔት ሳንባን ለዘለቄታው ይጎዳል፤ የአቧራ ጭምብል አይከለክለውም። ንጹሕ አየር የሚያቀርብ ጭምብል ከሌለ ወይ ያለ ማጠንከሪያ ይቀቡ ወይ ለባለሙያ ይስጡ። ተለጣፊ ጽሑፉ ቀለሙ ሁለት ሳምንት ያህል ከደረቀ በኋላ ይለጠፍ፤ ውሃ ውስጥ ጥቂት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጨምረው ቢረጩት ተንሸራቶ ይስተካከላል፣ ሥሩም አየር አይቋጥርም።

በአንድ እይታ

| የማስተላለፊያ ዓይነት | ምሳሌ | ለጀማሪ | መጀመሪያ የሚፈተሸው | የገንዘብ ጫና |
|---|---|---|---|---|
| ችንጋና ማርሽ | ዊል ሆርስ | በጣም ይመቻል | ካምቢዮ ውስጥ ያለ ውሃ፣ የጎማ እምብርት | ዝቅተኛ |
| ችንጋና አቅጣጫ አዟሪ ሳጥን | ሲምፕሊሲቲ፣ አሊስ-ቻልመርስ | ሳጥኑ ደህና ከሆነ ይመቻል | የትንሿ ሳጥን ማርሽና ዘይት | ከዝቅተኛ እስከ መካከለኛ |
| ዘንግ | ከብ ካዴት | ይመቻል | የዘንግ ስፒናዎች፣ የመሪ ጣት | መካከለኛ |
| ተቀያያሪ ፑሌጃ | ጆን ዲር 110፣ 112 | መካከለኛ | የፑሌጃው መጣበቅ፣ የቀለሙ ሥር | መካከለኛ |
| ሃይድሮስታቲክ | ከብ ካዴት 123፣ ጆን ዲር 140 | ሞቆ ካልተፈተነ አይመከርም | ዳገት ላይ መዛል፣ የክንዱ ቦይ | ከፍተኛ ሊሆን ይችላል |
| ዘይት ሞተር | ኬዝ፣ ኢንገርሶል | መካከለኛ | ቱቦዎች፣ ቫልቭ | መካከለኛ |
| ማርሽ ብቻ | ግሬቭሊ 800 | ልምድ ይፈልጋል | ፍሪሲዮኖች፣ የዘይት መፍሰስ | መካከለኛ፣ ከተፈታ ከፍተኛ |

ለማን የትኛው?

መሣሪያዎ የቁልፍ ስብስብና መንቀያ ብቻ ከሆነ፣ ገንዘቡም ጠባብ ከሆነ፣ ሙሉ የሆነ ዊል ሆርስ በኮህለር ኬ181 ወይም ኬ241 ይፈልጉ፤ ቢዘገይም ያልቃል። ብየዳና ትንሽ የማሽን ሥራ የሚችል ሰው ከብ ካዴት ቢይዝ ሥራው ያረካዋል፤ ማጨጃ፣ ማረሻና በረዶ መጥረጊያም ስለተሠሩለት በትርኢት ላይ ከመሣሪያው ጋር ይታያል። ከልጆች ጋር በየትርኢቱ ለመንዳት የሚፈልግ ጤነኛ ሃይድሮስታቲክ ላይ ትንሽ ጨምሮ ቢከፍል ይሻለዋል፤ በርካሽ ገዝቶ ፓምፕ ከመቀየር ያድነዋል። ለትርኢት ብርቅ ነገር የሚፈልግ ባለ ሙሉ በጀት ሰብሳቢ የነጭ አካል ጆን ዲሮቹን ወይም የመጀመሪያ ዓመት ሞዴሎችን ይከታተል፤ የመለያ ቁጥር ሰሌዳው ከሌለ ግን ዋጋውን አይቀበል። የሃይድሮሊክ ሥራ የሚያውቅ ሰው ሌላው የሚሸሸውን ኬዝ በጥሩ ዋጋ ሊያገኝ ይችላል።

ትርኢቱ ራሱ ብዙ ዝግጅት አይጠይቅም። በተጎታቹ ላይ በአራት ማዕዘን ከአክስልና ከቻሲ ይታሰር፤ ከመሪ ዘንግ አይታሰር፣ ይጣመማል። ሜዳ ላይ ባትሪው ተነቅሎ፣ ቁልፉ ወጥቶ፣ ጎማው በሽብልቅ ተይዞ ይቁም፤ እሳት ማጥፊያና ከሥር የዘይት መቀበያ ሳህን ይኑር። በፊት ለፊት የሚቆመው ሰሌዳ ላይ ሞዴሉ፣ ዓመቱ፣ ሞተሩ፣ የቱ ዕቃ የመጀመሪያ እንደሆነና የቱ እንደተቀየረ ይጻፍ። ከሁሉ ይልቅ የሚነበበው ይህ የመጨረሻው መስመር ነው፤ የተቀየረውን አለመደበቅ ከሌሎች ሰብሳቢዎች ጋር ወሬ ያስጀምራል፣ የጎደለው ዕቃም ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከዚያ ወሬ ነው።

ሙሉ እድሳት ካሰቡ ደግሞ የመጀመሪያውን ከመፍታትዎ በፊት የዚያኑ ሞዴል ሁለተኛ፣ የማይነሳ ትራክተር ይግዙ። የብሎን ርዝመት፣ የሮንዴላ ቅደም ተከተል፣ የዘንግ መታጠፊያ ማዕዘን ከመጽሐፍ ይልቅ ካልተፈታ ማሽን ላይ ይነበባል። የተረፈውም ዕቃ እያለቀ ያለውን ይተካል።